«ረጋልሽ ወይ?» ሲሉኝ «አዎ» አልኳቸው

ጥያቄ፦

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤

ጉዳዬ ለሌላ ሰው ቀላል ሊመስል ይችላል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። የባለቤቴ አባት ባለፈው ዓመት ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩን። በግቢያቸው ራሳቸው የተከሏቸው ሦስት የኮክ ዛፎች አሉ፤ በየዓመቱ ፍሬው ሲደርስ ማርማላታ የሚሠሩት እርሳቸው ነበሩ፤ ለስድስቱ ልጆቻቸውም ሁለት ሁለት ጠርሙስ ያድሉ ነበር። ዘንድሮ አማቴ 45 ኪሎ ያህል ኮክ በስድስት ሣጥን አስጭነው መጡና «ዘንድሮ ደግሞ አንቺ ሥሪልን» አሉኝ። በሕይወቴ ማርማላታ ሠርቼ አላውቅም፤ እምቢ ማለት ግን አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ብነግርዎ ይስቁብኛል ብዬ እፈራለሁ። በመጀመሪያው ቀን 12 ኪሎውን በቤታችን ትልቁ ድስት ሞልቼ፣ 5 ኪሎ ስኳር ጨምሬ ጣድኩት። ገንፍሎ ምድጃውን ሲያለብሰው ፈርቼ እሳቱን ቀነስኩና ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲንተከተክ ቆየ። ከላይ ከላዩ እየጨለፍኩ ግማሽ ኪሎ የሚይዙ 9 ጠርሙሶችን ሞላሁ፤ ከዚያ ከታች የያዘውን እንዳይባክን ብዬ ፈቅፍቄ ቀላቀልኩትና 13 ጠርሙስ ወጣው። የኋለኞቹ ማረር ማረር ይላሉ፤ ሁሉም ግን እንደ ሽሮፕ ቀጥነው ቀሩ። በማግስቱ ለጤና ይሻላል ብዬ ስኳሩን በግማሽ ቀንሼ ሌላ 6 ኪሎ ሠራሁ፤ የሞቀውን ስገለብጥ ሁለት ጠርሙሶች ተሰነጠቁብኝ፤ ከቀሩት ስምንቱ ደግሞ ሦስቱ ሻጋታ አበቀሉና ሻጋታውን በማንኪያ አንስቼ መልሼ ከደንኳቸው። ከ5 ኪሎ ጭማቂ አውጥቼ በጠርሙስ ግጥም አድርጌ ዘግቼ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ፤ በአምስተኛው ሌሊት አንዱ ፈንድቶ ጣሪያው ድረስ ተረጨ። ባለቤቴ እየሳቀ አጸዳው፤ እኔ አለቀስኩ። አራቱ ጠርሙሶች እዚያው እንዳሉ ናቸው፤ ልነካቸው ፈራሁ። 4 ኪሎውን ቆራርጬ በአንድ ከረጢት ፍሪዘር ውስጥ ብከተው እንደ ድንጋይ አንድ ላይ ተጣበቀ። ወደ 10 ኪሎ የሚጠጋው በሣጥኑ ውስጥ በስብሶ ተጣለ። አሁን በፍሪጅ የቀረኝ 8 ኪሎ ብቻ ነው፤ ውስጡ ቢጫ ሆኖ ሥጋው ከፍሬው አልላቀቅ የሚል ዓይነት ነው።

የሚያስጨንቀኝ ግን ይህ ብቻ አይደለም። አማቴ በየሁለት ቀኑ እየደወሉ «ረጋልሽ ወይ?» ይሉኛል፤ እኔም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «አዎ፣ በጣም ቆንጆ ሆኗል» እያልኩ መልሻለሁ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ልጆቻቸው ሁሉ በተሰበሰቡበት ሊያድሉት ይመጣሉ። የባለቤቴ እህት ምስጢሬን ታውቃለች፤ «ከሱቅ ገዝተሽ በራስሽ ጠርሙስ ገልብጪው፣ ማን ያውቃል?» ትለኛለች። እንዲህ ላድርግ ወይስ እውነቱን ልናገር? ከሠራሁትስ የሚተርፍ ነገር ይኖር ይሆን?

ግራ የተጋባችው ምራት

መልስ፦

ውድ እህቴ፤

ስለ አማትሽ ከመነጋገራችን በፊት አንድ ነገር ዛሬውኑ እንድታደርጊ እለምንሻለሁ። እነዚያ አራት የጭማቂ ጠርሙሶች እንደ መጀመሪያው ሊፈነዱ ይችላሉ። ያልተፈላ የፍራፍሬ ጭማቂ በሞቀ ክፍል ሲቀመጥ እርሾ ስኳሩን እየበላ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ መውጫ ሲያጣ ጠርሙሱን ይሰብረዋል። ልጆች ካሉ ከአካባቢው አርቂያቸው፤ ወፍራም ፎጣ ደራርበሽ ጠርሙሶቹን ሳትነቀንቂ ሸፍኛቸው፤ ዓይንሽን በመነጽር፣ እጅሽን በወፍራም ጓንት ጠብቀሽ፣ ፎጣው ሳይነሣ ክዳኑን በጣም በዝግታ አላልተሽ ጋዙን ካስተነፈስሽው በኋላ ድፊው። አይቀመስም፤ አያሳዝንም። ሻጋታ ያበቀሉትን ሦስት ጠርሙሶችም ከነሙሉ ይዘታቸው ጣያቸው። ላዩን በማንኪያ ማንሣት ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው፤ ነገር ግን የሻጋታው ሥር በዓይን በማይታይ ክር ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ አንዳንዱ ዓይነት ደግሞ ማፍላት የማያጠፋው መርዝ ይተዋል። የነዚያ ባልንጀሮች የሆኑት አምስቱ፣ ምንም ምልክት ባይታይባቸውም፣ ስኳራቸው አነስተኛ ሆኖ በመደርደሪያ የሰነበቱ ስለሆነ እኔ ብሆን ለሰው አልሰጣቸውም።

ይህን ካደረግሽ በኋላ ቁጭ በይና የቀረውን አብረን እንመልከት።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ እንዳልሽው ፈገግ ማለቴን አልክድም፤ በተለይ ስለ ጣሪያው ስትነግሪኝ። ይሁን እንጂ የተረዳሁት ነገር፣ አንቺ የምታስቢውን ያህል ሙያ ያነሰሽ ሰው አለመሆንሽን ነው። አብዛኛው ችግርሽ የመጣው ከአንድ ውሳኔ ነው፤ እርሱም ትልቁን ድስት ማውጣትሽ ነው። 45 ኪሎ ፍሬ ፊቱ የተደረደረበት ሰው ሁሉ ትልቁን ድስት ያወጣል፤ ሥራውን በአንድ ጊዜ የሚጨርስ ስለሚመስል። ማርማላታ ግን ብዛቱ ሲጨምር ችግሩም አብሮ የሚበዛ ነገር ነው፤ ለምን እንደሆነ በራስሽ ቁጥሮች ላሳይሽ።

ልጣጩና ፍሬው ሲወጣለት 12 ኪሎው ኮክ ወደ 10 ኪሎ ይወርዳል። ኮክ ከክብደቱ 90 በመቶ የሚጠጋው ውሃ ነው፤ ስለዚህ ከ10 ኪሎው ውስጥ የራሱ ስኳርና ሌላው ጠጣር ነገር አንድ ኪሎ ያህል ነው። አንቺ 5 ኪሎ ስትጨምሪበት 6 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። ማርማላታ በደንብ የሚረጋው ከክብደቱ 65 በመቶ ገደማ የሚሆነው በውስጡ የሟሟ ስኳር ሲሆን ነው፤ ያ ከሆነ ድስትሽ መጨረሻ ላይ መያዝ የነበረበት ከ9 ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ ነበር። የጀመርሽው በ15 ኪሎ ስለሆነ ወደ 6 ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መውጣት ነበረበት። አንቺ ግን ግማሽ ኪሎ የሚይዙ 22 ጠርሙሶች ሞላሽ፤ ያ 11 ኪሎ ነው፤ ገንፍሎ የፈሰሰውን ሳንቆጥር እንኳ 2 ኪሎ የሚያህል ትርፍ ውሃ በጠርሙሶችሽ ውስጥ ቀርቷል። ስለዚህ እጅሽ አልተሳሳተም፤ ጥልቅ ሆኖ እስከ አፉ የተሞላ ድስት ያን ሁሉ ውሃ ሊያተን አይችልም። እሳቱ ሲጨምር ይገነፍላል፤ ሲቀንስ ደግሞ ውሃው አይወጣም፤ ታችኛው ግን ስኳሩ እየተኛበት ያርራል። አንቺ በእነዚህ መካከል ሦስት ሰዓት ተንገላታሽ።

በዚያ ላይ የሦስት ሰዓቱ መንተክተክ ሌላ ነገር ወሰደብሽ። ፍራፍሬን የሚያረጋው ፔክቲን የሚባለው በልጣጩና በሥጋው ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ከስኳርና ከኮምጣጣ ነገር ጋር ሲገናኝ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሲፈላ ግን እየተሰባበረ ኃይሉን ያጣል። ፖም፣ ዘይቱንና የብርቱካን ልጣጭ ብዙ ፔክቲን አላቸው፤ ኮክና እንጆሪ ግን ድሆች ናቸው፤ በጣም ሲበስሉ ደግሞ ይብስባቸዋል። በደብዳቤሽ ውስጥ ሎሚ የሚል ቃል አላገኘሁም። የባለቤትሽ አባት ሎሚ ይጨምሩ እንደሆነ፣ ጥቂት ያልበሰሉ ፍሬዎችን ይቀላቅሉ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አለን? ወደዚህ ጥያቄ እመለሳለሁ።

አሁን ስለሚተርፈው ነገር ልንገርሽ። 13ቱ ያረሩ ጠርሙሶች ተስፋ የላቸውም ማለት ይቀለኛል፤ የማረር ጣዕም በስኳርም በሎሚም አይሸፈንም። ሌላ ጊዜ ታችኛው መያዙን ባወቅሽበት ቅጽበት ማማሰሉን አቁመሽ፣ ሳትነኪው የላይኛውን ወደ ሌላ ድስት ገልብጪው፤ የያዘው እዚያው ይቅር። ከ13ቱ ውስጥ ማረሩ እጅግ ቀላል የሆነ ካገኘሽ፣ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮምጣጤና ቃሪያ ጨምረሽ ለጥብስ የሚሆን ጣፋጭና ኮምጣጣ ድልህ ልታደርጊው ትችያለሽ፤ ትንሽ የጭስ ሽታ እዚያ ውስጥ አያስከፋም። መራራ ከሆነ ግን አትድከሚበት።

ዘጠኙ ጠርሙሶች ግን ሀብትሽ ናቸው። እያንዳንዱን ክፈቺና ሻጋታ፣ የአረፋ ነጠብጣብ ወይም የእርሾ ሽታ እንደሌለው አረጋግጪ፤ ካለው ይጣል። ደህና የሆኑትን ሁለት ሁለት ጠርሙስ ብቻ በአንድ ጊዜ ሰፊና ዝቅ ባለ ድስት ገልብጪ፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምሪ። ፔክቲኑ ስለተጎዳ አንድ ኮምጣጣ ፖም ከነልጣጩና ከነፍሬው ቆራርጠሽ በጥቂት ውሃ ካበሰልሽ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ አጥልለሽ ውሃውን ብታክይበት ይረዳል። ከዚያ በኃይለኛ እሳት፣ ማማሰያሽን ሳታነሺ አፍይው። መርጋቱን የምታውቂው እንዲህ ነው፤ አስቀድመሽ ሁለት ሦስት ትንንሽ ሳህኖች ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪ፤ ድስቱን ከእሳት አውርደሽ ግማሽ ማንኪያ ያህል በቀዘቀዘው ሳህን ላይ ጠብ አድርጊና አንድ ደቂቃ ጠብቀሽ በጣትሽ ግፊው፤ ላዩ ከተጨማደደ ደርሷል፤ ካልተጨማደደ ጥቂት ደቂቃ ይጨመርለት። ለሙከራ ድስቱን ማውረድ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሳህኑን እያየሽ ሳለ ያልፍብሻል። ቴርሞሜትር ካለሽ በባሕር ወለል ከፍታ 104 ወይም 105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው የሚባለው፤ ሆኖም ከፍ ባለ ቦታ የሚኖር ሰው ይህን ቁጥር ከጠበቀ ማርማላታው ከረሜላ ይሆንበታል፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ የውሃ መፍያ በአንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳልና። በቤትሽ ውሃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ መጀመሪያ ለኪና በዚያ ላይ ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ጨምሪበት። ዘጠኙ ጠርሙስ ሲጠጥር ወደ ሰባት ይወርዳል፤ አትደንግጪ፤ የጠፋው ውሃ ነው።

ጠርሙሶቹ የተሰነጠቁብሽ ቀዝቃዛ መስታወት ውስጥ የሚፈላ ነገር ስለገባ ነው። በደንብ ካጠብሻቸው በኋላ በኦቨን ውስጥ በ120 ዲግሪ ገደማ ለሩብ ሰዓት አሙቂያቸውና በደረቅ ፎጣ ወይም በእንጨት ላይ አቁመሽ እንደሞቁ ሙያቸው። ስኳር ስለመቀነስሽ ደግሞ አልወቅስሽም፤ ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ችግሩ ስኳር በማርማላታ ውስጥ ሥራው ማጣፈጥ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ውሃውን ይዞ ሻጋታ የሚኖርበትን ያሳጣዋል። ስኳሩ አነስተኛ የሆነ ማርማላታ መሥራት ይቻላል፤ ነገር ግን ቦታው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፍሪጅ ነው፤ በሦስት ሳምንት ገደማም ማለቅ አለበት፤ ወይም ፍሪዘር ይግባ።

በፍሪጅ ወዳለው 8 ኪሎ እንምጣ፤ እውነተኛው ዕድልሽ ያለው እዚያ ነውና። ውስጡ ቢጫ መሆኑ ጥሩ ነው፤ ነጭ ሥጋ ያላቸው ኮኮች ኮምጣጣነታቸው ዝቅተኛ ስለሚሆን በቤት ውስጥ በጠርሙስ ለማቆየት አይመከሩም። ፍሪጅ ውስጥ የሰነበተ ኮክ ዱቄት ዱቄት የማለት ባሕርይ ስላለው ለመብላት ቅር ሊያሰኝሽ ይችላል፤ ለመሥራት ግን ምንም አይል። ዛሬ ማታ አንድ በአንድ እያነሣሽ ለያቸው፤ የቆሰለውን ቆርጠሽ ጣዪ፤ አንድ የበሰበሰ ፍሬ ሻጋታውንም የሚያበስለውን ጋዝም ለጎረቤቱ ያጋራል። 10 ኪሎ ያጣሽው በሣጥን ተቆልለው ስለነበር ይመስለኛል። ለመላጥ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ነክረሽ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ አሻግሪያቸው፤ ልጣጩ በጣት ይነሣል። አልላቀቅ ያለሽን ፍሬ ለማጣመም አትታገዪ፤ ዙሪያውን በቢላ እየከለልሽ አንሺው፤ ላዩ ላይ ትንሽ ሥጋ ይቅር። (ለመዓዛ ብለው የፍሬውን ውስጥ ሰብረው የሚጨምሩ ሰዎች አሉ፤ አንቺ ግን አታድርጊው፤ በሰውነት ውስጥ ወደ ሳያናይድ የሚለወጥ ነገር አለበት።)

ለአንድ ኪሎ የተላጠና የተቆረጠ ኮክ 750 ግራም ስኳርና ወደ 60 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ ቀላቅለሽ ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው። ጠዋት ፍሬው በራሱ ጭማቂ ውስጥ ሲዋኝ ታገኚዋለሽ፤ ውሃ መጨመር አያስፈልግም። ስኳሩ እስኪሟሟ በዝግታ አሙቂው፤ ከዚያ እሳቱን ከፍ አድርጊው። ከዚህ መጠን መውጣት ያለበት ውሃ ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም፤ በሰፊ ድስት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል። ከመጀመሪያው 6 ሊትር ጋር አስተያዪው። ድስቱ የማይዝግ ብረት ወይም ኢናሜል (እንደ መስታወት ያለ ሽፋን) የተለበጠ ቢሆን ይመረጣል፤ ያልተለበጠ አሉሚኒየም ከኮምጣጣ ፍሬ ጋር ብዙ ሲቆይ ጣዕሙን ያበላሸዋል። ሲያልቅ ጠርሙሶቹን ሳትነቀንቂ ተዪያቸው፤ አንዳንዱ ማርማላታ ሙሉ በሙሉ የሚረጋው በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ነው፤ በየሰዓቱ እያዘነበልሽ የምታይ ከሆነ ትረብሺዋለሽ። በሦስት ቀን ሦስት ኪሎ ብትሠሪ ሰባት ያህል ጠርሙስ ታገኛለሽ፤ ከታደሱት ሰባት ጋር 14። ለስድስት ልጆች ሁለት ሁለት ሲታደል 12 ነበር። ከመጀመሪያው ጀምሮ የተፈለገብሽ ያን ያህል ብቻ ነበር፤ የ45 ኪሎው ብዛት ግን ይህን እንዳታዪ አደረገሽ። ይህን ስጽፍልሽ እኔም ተገረምኩ።

እንደ ድንጋይ የተጣበቀው 4 ኪሎ አልተበላሸም። ጥቂት ሲለሰልስ ሰብረሽ ለጭማቂ ወይም ለወጥ ዓይነት ለስላሳ ቅቅል ተጠቀሚበት፤ ጠቁሮ ከሆነ አየር ስላገኘው ነው፤ ሎሚ ቢነካው ኖሮ አይጠቁርም ነበር። ሌላ ጊዜ ቁራጮቹን በትሪ ላይ ሳይነካኩ ዘርግተሽ ፍሪዘር ውስጥ እንደ በረዶ ካጠነከርሻቸው በኋላ ወደ ከረጢት ክተቻቸው።

አሁን ወደ ስልኩ እንመለስ። የባለቤትሽ እህት የሰጠችሽን ምክር ከክፋት አላየሁትም፤ ከጭንቀት ልታወጣሽ ነው። እስቲ ግን እስከ መጨረሻው እናስበው። እኒህ እናት የባለቤታቸውን ማርማላታ ስንት ዓመት በልተዋል? የመጀመሪያውን ማንኪያ ሲቀምሱ ከሌላ ፍሬ መሆኑን የማያውቁ ይመስልሻልን? ባያውቁ ደግሞ የሚመጣው ይብሳል፤ የሚመጣው ዓመት ስድስት ሣጥን እንደገና በርሽ ላይ ይቆማል፤ አንቺም «ባለፈው ጊዜ እንዳደረግሽው» የሚል ጥያቄ ይጠብቅሻል። ከሁሉ በላይ ግን ዘጠኝ ቀን ሙሉ የምትሸከሚው ነገር ነው የሚያሳስበኝ። እስካሁን ያለው «አዎ» ደንግጦ የወጣ ቃል ነው፤ ሰው ይረዳዋል። ልጣፉ የተላጠ የሱቅ ጠርሙስ ግን ታስቦበት የተሠራ ሥራ ነው፤ እርሱን ማስረዳት ይከብዳል።

በሌላ በኩል ልጆች በተሰበሰቡበት ጠረጴዛ ላይ «ዋሽቼ ነበር» ብለሽ እንድትነሺም አልመክርሽም፤ ለአንቺም ለእርሳቸውም የማይገባ ኀፍረት ነው። ሦስተኛ መንገድ አለ። እስቲ ይህን አስቢ፤ የባለቤትሽ አባት ያረረባቸው፣ ያልረጋላቸው ድስት አልነበረም ትያለሽን? ልጆቻቸው የሚያውቁት የደረሳቸውን ሁለት ጠርሙስ ብቻ ነው። የተደፋውን ያየ ሰው ቢኖር አብረው በአንድ ማድቤት የኖሩት አማትሽ ናቸው። ሎሚውን፣ የድስቱን ስፋት፣ ስንት ኪሎ በአንድ ጊዜ ይጣድ እንደነበር የሚያውቁትም እርሳቸው ይሆናሉ። ምናልባት «ረጋልሽ ወይ?» ሲሉ የሚጠይቁት ስለ ጠርሙሶቹ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ስለ ባለቤታቸው የሚያወሩበት ሰበብ ያጡ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። እርግጠኛ መሆን አልችልም፤ አንቺ ድምፃቸውን ስለሰማሽ ከእኔ ይልቅ ታውቂያለሽ። «አዎ፣ ቆንጆ ሆኗል» የሚለው መልስሽ ያንን ወሬ በአንድ ቃል እየዘጋው ይሆን?

ስለዚህ እርሳቸው እስኪደውሉ አትጠብቂ፤ ነገ ጠዋት አንቺ ደውዪላቸው። ንግግሩ ረጅም አይሁን። ለምሳሌ እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ «እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ቆንጆ ሆኗል ያልኩዎት አፍሬ ነው። የመጀመሪያው አረረብኝ፣ ሁለተኛው ሻገተብኝ፣ ጭማቂው ጣሪያ ላይ ወጣ። የቀረኝ 8 ኪሎ ነው፤ ይህን እንኳ እንዳላበላሸው ፈራሁ። አባባ በአንድ ድስት ስንት ኪሎ ነበር የሚያደርጉት?» ከዚያ ዝም በይና አድምጪ። ሊስቁ ይችላሉ፤ ሊያዝኑም ይችላሉ፤ በተለይ ስለ ተጣለው 10 ኪሎ ቅር ቢላቸው አይግረምሽ፤ የባለቤታቸው ዛፍ ነውና። ቅሬታቸውን ለማስተባበል አትቸኩዪ፤ «እውነትዎን ነው» ማለት ይበቃል። የማያውቁት ነገር ከሆነም «እኔ እንጃ፣ ማድቤት አያስገባኝም ነበር» ሊሉሽ ይችላሉ፤ ያም ቢሆን ወሬ ተጀመረ ማለት ነው።

ባለቤትሽንም አንድ ጥያቄ እንድትጠይቂው እፈልጋለሁ። ጣሪያውን እያጸዳ ሲስቅ አንቺ አለቀስሽ፤ ሁለታችሁም ስለዚያ ሌሊት ከዚያ ወዲህ አውርታችኋልን? በአባቱ ኮክ ጉዳይ እርሱ ለምን ከማድቤት ውጭ እንደ ቀረ አልገባኝም፤ ደብዳቤሽ ውስጥ ብቅ የሚለው ፎጣ ይዞ ብቻ ነው። ምናልባት ሥራው ለምራቲቱ ስለተሰጠ አያገባኝም ብሎ ይሆናል፤ ምናልባትም ያ ሽታ ለእርሱ ከባድ ነው። መላጥ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ቢላና ሳህን ሰጥተሽ አጠገብሽ አስቀምጪውና የሚያስታውሰውን ይንገርሽ።

ለሚመጣው ዓመት ደግሞ አሁኑኑ፣ ነገሩ ትኩስ ሳለ፣ ልክሽን ተናገሪ። «ሁለት ሣጥን እቀበላለሁ፤ የቀረው ፍሬው እንዳለ ለልጆቹ ይከፋፈል» ማለት ውለታ መርገጥ አይደለም። ስድስት ቤት እያለ 45 ኪሎ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የተጣለው ማንም ስላላሰበበት ይመስለኛል፤ አንቺም ስላልተናገርሽ።

የቀረሽን ፍሬ ሁሉ ከእንግዶቹ በፊት አትጨርሺው። ከ8 ኪሎው ሦስት ኪሎ ያህሉን ልጠሽ፣ ቆርጠሽ፣ ሎሚ ነክተሽ በትሪ ላይ አቀዝቅዘሽ በፍሪዘር አቆዪው። አማትሽ ሲመጡ፣ እደላው ካለቀና ሌሎቹ ወደ ወሬያቸው ከገቡ በኋላ፣ ከእርሳቸው ጋር ወደ ማድቤት ግቡና አንዷን ኪሎ አብራችሁ ጣዷት። ሳህኑ ፍሪዘር ውስጥ ይጠብቃችሁ፤ ትልቁን ድስት ግን ከመደርደሪያው አታውርጂው።